ያልተነሣው ግራ እጅ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በደርግ ጊዜ መካነ ኢየሱስ ከተማ አስተምር ነበር። በቀበሌ ስብሰባ ሁሉም ግራ እጁን አንሥቶ መፈክር ሲያሰማ የአባቴ እጅ ጭናቸው ላይ ቀረ። ከዚያ በፊት እጁን አላነሣም ያለ ጎረቤታችን ታስሮ አልተመለሰም ነበር።

«አያ ተሰማ፣ አብዮቱ እጅዎን ከበደው እንዴ?» አለ ሊቀ መንበሩ። ሰው ሳቀ። የአባቴ አውራ ጣት ምስር እንደሚያሽ ሰው ለብቻው ይንቀጠቀጣል።

«በቅሎ ጥላቸው ነው፤ ትከሻቸው ወልቋል» ብዬ ዋሸሁ።

ቤት ስንገባ «መቼ ነው የወደቅሁት ልጄ?» አሉኝ፣ ከሰሞኑ በሰለለ ድምፃቸው። «ሕመም የለኝም፤ እጄ ብቻ አልታዘዝ አለኝ።»

ፓርኪንሰን የሚባለው የነርቭ ሕመም መሆኑን ሐኪም የነገረን ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ግን በማግስቱ ጧት፣ ሐኪም ቤት በመውሰድ ፈንታ፣ ውሸቴ እንዳይታወቅብኝ ያልወለቀ ክንዳቸውን በነጠላዬ አንገታቸው ላይ አንጠልጥዬ አሰርሁት።