ስንጥቁ ላይ የተለጠፈው መስታወት

በአንድ የከተማ ዩኒቨርሲቲ፣ ከአሮጌው የድንጋይ አዳራሽ ደጃፍ፣ በረንዳው ሥር፤ የሐምሌ ካፊያ ይወርዳል፤ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ነው፤ ቴአትሩ በአሥር ሰዓት ይጀመራል፤ ከነጋ እህል ያልቀመሰችው የቴአትር ክበቡ አዘጋጅ ረድኤት፣ አዳራሹን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቁትን ጋሽ ወንድይፍራውን በሩ ላይ ይዛቸዋለች።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ለሚመለከተው ሁሉ፣ በተለይም ለቴአትር ክበብ! የሰገነቱ በር ቁልፍ ከዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ጀምሮ የጠፋ መሆኑን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ።

ረድኤት፦ ጋሼ፣ ቁልፉ አንገትዎ ላይ ነው።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ይኼ የሌላ በር ነው።

ረድኤት፦ «ሰገነት» ተብሎ ተጽፎበታል። በእርስዎ እጅ ጽሑፍ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ የተጻፈ ሁሉ ይታመናል እንዴ? ደግሞ ላይ ቤት ቀለም ተቀብቷል። አልደረቀም።

ረድኤት፦ ማን ቀባው?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ንብም ገብቷል።

ረድኤት፦ በእርጥቡ ቀለም ላይ?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ከቀለሙ በፊት ነው የገባው። ልጄ፣ አታድርቂኝ። ታች ቤት ይበቃችኋል።

ረድኤት፦ ታች የሚይዘው ሁለት መቶ ሰው ነው። የጠራነው ሦስት መቶ ሃምሳ። ከከተማው ቴአትር ቤቶች ሦስት አዘጋጆች ይመጣሉ፤ ሦስቱም «እሺ» ብለው በአፋቸው ነግረውኛል። እኔ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ዶርሜን አስረክቤ፣ ፍራሼን ጠቅልዬ መውጣቴ ነው። ይህን ቴአትር ዛሬ ካላሳየሁ የማሳየው ለአክስቴ ጎረቤቶች ነው።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ የአክስትሽ ጎረቤቶች ምን አነሳቸው? ለእነሱ አሳዪያቸው።

ረድኤት፦ ጋሼ! ስምንት ወር ሙሉ ተለማምደናል። ናኦል ንጉሥ ሆኖ ለመራመድ ብሎ አረማመዱን ረስቷል፤ ካፌ ለሽሮ ሲሰለፍ እንኳ እጁን ወደኋላ አድርጎ ነው። አሁን ሁሉም ተኳኩለው ውስጥ ተቀምጠዋል። እርስዎ ደግሞ ንብ ይሉኛል።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ እሺ፣ ንቡን ተይው። ፈቃድ አለሽ?

ረድኤት፦ ይኸው! ማኅተም ያለበት። ከሲቪል ምህንድስና ክፍል ነው። ላንብብልዎት?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ መነጽሬን ረስቻለሁ፤ አንብቢ።

ረድኤት፦ «የአሮጌውን አዳራሽ ሰገነት ይመለከታል። በሰገነቱ ምሰሶ ላይ የታየው ስንጥቅ እየሰፋ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ስንጥቁ ላይ ስስ መስታወት ተለጥፎ ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ክትትል ተደርጓል። ሕንጻው ቢንቀሳቀስ ኖሮ መስታወቱ ይሰበር ነበር። መስታወቱ ሰባት ወር ሙሉ ሳይሰበር የቆየ በመሆኑ ሰገነቱን መጠቀም ይቻላል።» ተፈርሟል። እህ? ምን ይላሉ?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ እስቲ ያችን ድገሚልኝ። «ሕንጻው ቢንቀሳቀስ» ያልሽውን።

ረድኤት፦ «ሕንጻው ቢንቀሳቀስ ኖሮ መስታወቱ ይሰበር ነበር።»

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ለዚህ ነው እንዴ የለጠፉት?

ረድኤት፦ ታዲያ ለምን መሰለዎት?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ እኔማ ለጌጥ አላልኩም። የእነሱ ትምህርት ነው ብዬ ነው። «አትንኩ» ብለው ጻፉበት፣ ሄዱ። ማን ነገረኝ? እስቲ ልቀመጥ... አይ፣ እዚህ አልቀመጥም። እንቁም።

ረድኤት፦ ፊትዎ ምን ሆነ? ጋሼ፣ መስታወቱ አልተሰበረም አይደል?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ አሁን ያለው አልተሰበረም።

ረድኤት፦ «አሁን ያለው» ማለት ምን ማለት ነው?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ድምፅሽን ቀንሺ።

ረድኤት፦ ቀነስኩ። ምን ማለት ነው?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ እኔ ቀይሬዋለሁ።

ረድኤት፦ ምኑን?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ መስታወቱን ነዋ! ተሰብሮ አገኘሁት፤ ቀየርኩት። ከወለቀ የመስኮት ስባሪ የጣት ስፋት ያህል ቆርጬ፣ በጀሶ ለጠፍኩት። ምን ላድርግ? አንቺ ንብረት ክፍልን አታውቂያቸውም። አምና ነፋስ አንድ መስኮት ሰበረብኝ፤ አራት ወር አመላለሱኝ። «መስታወቱ ሲሰበር እርስዎ የት ነበሩ? ነፋሱ ከየት በኩል መጣ? ከዚህ በፊት ነፋስ መጥቶ ያውቃል?» የነፋሱን ስም ብቻ ነው ያልጠየቁኝ። በዚህ አዳራሽ ሁለተኛ የተሰበረ መስታወት አላስመዘግብም ብዬ ማልኩ።

ረድኤት፦ እና የምህንድስናው መምህር አላወቁም? በየወሩ መጥተው ያዩ ነበር እኮ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ከታች ሆነው በባትሪ ያያሉ። «ደህና ነው» ብለው ይፈርማሉ። እንዲያውም አንድ ቀን «ጋሽ ወንድይፍራው፣ መስታወቱን እንዴት ጥሩ አድርገው ይወለውሉታል!» ብለው አመሰገኑኝ።

ረድኤት፦ የለጠፉበትን ቀን ጽፈውበት አልነበረም?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ጽፈውበታል። እኔም ጻፍኩበት።

ረድኤት፦ የቀየሩበትን ቀን?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ የእሳቸውን ቀን። ልክ እንደነበረው አድርጌ። ሰው የሠራውን መለወጥ ነውር ነው ብዬ።

ረድኤት፦ ወይኔ! ስንት ጊዜ ቀየሩት?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ የመጀመሪያው እስከ የካቲት ቆየ። ከዚያ የእኔ ተራ መጣ። አንዱ ሁለት ወር ሊሞላው ሲል ሄደ። ቀጥሎ ያለው አንድ ወር። ከዚያ አሥራ አምስት ቀን። እኔማ እናንተን ተማሪዎቹን ነበር የምረግመው! ከላይ የባህል ጭፈራው ቡድን ትከሻውን ሲንጥ ነው የሚሰብርብኝ ብዬ፣ ልምምዳቸውን አስከለከልኩ። እነሱ ከሄዱ በኋላ ሳምንት ቆይቶ ተሰበረ። ቀጥሎ ሦስት ቀን።

ረድኤት፦ የመጨረሻውስ?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ትናንት ማታ የለጠፍኩትን ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለሁለት ተሰንጥቆ አገኘሁት። ሌላ ቆርጬ ስለጥፍ፣ ጀሶው ከእጄ ሳይደርቅ... እንዴት ልበልሽ፣ ድምፅ የለውም። መስታወቱ ጣቴ ሥር ተሰነጠቀ። ምክንያቱን አላወቅሁም፤ ግን እግሬ ከእኔ ቀድሞ ደረጃውን ወረደ። ሌላ መስታወት ይዤ የተመለስኩት ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው።

ረድኤት፦ ለዚህ ነው ቁልፉ የጠፋው።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ለዚህ ነው።

ረድኤት፦ ስንጥቁ ራሱስ? ስፋቱ ምን ያህል ነው?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ እኔ በጀሶ እየሞላሁ ቀለም እቀባው ነበር። ክፍት ሆኖ ሲታይ ያስቀይማል።

ረድኤት፦ ስፋቱን ነው የጠየቅኩዎት።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ በታኅሣሥ ጥፍሬ አይገባበትም ነበር።

ረድኤት፦ አሁንስ?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ይኼ ቁልፍ ይገባል።

ረድኤት፦ ጫፉ?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ እስከ ቀለበቱ።

ረድኤት፦ ጋሼ... እኔ አልሰማሁም።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ምኑን?

ረድኤት፦ አሁን የነገሩኝን ሁሉ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዣለሁ። ወረቀቱ «ይቻላል» ይላል። ሌላ የማውቀው ነገር የለም።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ እኔም አልነገርኩሽም። ጡረታዬ ስምንት ወር ነው የቀረው። ይህን ሁሉ ወር ስንጥቁን ሸፍነህ ሕንጻውን አስጎበጥክ ቢሉኝ፣ ምን ብዬ ነው የምመልሰው? ንጽሕና እወዳለሁ ልበል?

ረድኤት፦ እንዲህ እናድርግ። ሰገነቱን አንከፍትም። ቁልፉ ጠፍቷል። ታች ብቻ እናስገባለን።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ጥሩ። ታች ብቻ።

ረድኤት፦ ማንም ላይ ካልወጣ ምን ይሆናል? ምንም።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ምንም። ትናንት ማታም ማንም አልወጣም ነበር።

ረድኤት፦ ጋሼ!

ጋሽ ወንድይፍራው፦ እሺ፣ ዝም ብያለሁ።

ረድኤት፦ ከሰገነቱ ሥር ስንት ረድፍ ይሆናል?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ስድስት። ዘጠና ሰው።

ረድኤት፦ በገመድ እንከልለዋለን። «ለክብር እንግዶች» ብለን እንጽፋለን።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ የክብር እንግዶቹን እዚያ ልታስቀምጫቸው?

ረድኤት፦ አይደለም! ማንም እንዳይቀመጥ ነው።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ «ለክብር እንግዳ» የሚል ገመድ አይቶ ያልገባበት ተማሪ እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት አላየሁም። ባለፈው የግጥም ምሽት አንዱ የክብር እንግዳ ነኝ ብሎ ለስላሳውንም ጠጥቶ ሄደ።

ረድኤት፦ ታዲያ «ቀለም አልደረቀም» እንበል።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ እሱን እኔ ስለው ሳቅሽብኝ።

ረድኤት፦ አልሳቅሁም። ... ለመሆኑ ዛሬ የት ይቀመጣሉ?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ እኔ? ደጅ። የጥበቃ ቦታው ደጅ ነው።

ረድኤት፦ ሁልጊዜ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ያዩ አልነበረም? ልምምዳችንን እንኳ አንድ ቀን አላመለጠዎትም። ናኦል ቃል ሲረሳ ያስታወሱት እርስዎ ነዎት።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ዛሬ ጉልበቴን አሞኛል። ለመቀመጥ አይመቸኝም። አንቺስ የት ነሽ?

ረድኤት፦ አዘጋጅ ከመጋረጃው ጀርባ ነው የሚቆመው።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ በየትኛው በኩል?

ረድኤት፦ በግራ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ በጓሮው በር በኩል ማለት ነው።

ረድኤት፦ አየር ስለሚገባ ነው።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ እሱስ ይገባል።

ረድኤት፦ እንዲህ አይዩኝ! ይኼ አዳራሽ አባቴ ሳይወለድ የተሠራ ነው። እስከዛሬ ቆሞ ዛሬ እኔን ጠብቆ ነው የሚወድቀው? አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው የምንፈልገው። ከፈለጉ ሁለተኛውን ገቢር አሳጥረዋለሁ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ስንት ደቂቃ ታሳጥሪዋለሽ?

ረድኤት፦ አሥር። የንግሥቲቱን ልቅሶ አወጣለሁ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ጭብጨባውንስ? ሁለት መቶ ሰው ባንድ ጊዜ ብድግ ሲል፣ ወለሉን በእግሩ ሲደልቅ...

ረድኤት፦ እንዳያጨበጭቡ እነግራቸዋለሁ። ሐዘን ነው እላለሁ። ማን ሞተ ካሉኝ... ጋሼ፣ እግሬን ይዩት። ለምን ወደ ውስጥ አልገባም አለ?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ እህል ስላልበላሽ ነው።

ረድኤት፦ አዎ። ስላልበላሁ ነው።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ እኔ በልቻለሁ፤ የእኔም አልገባም ብሏል።

ረድኤት፦ ልጆቹ አንድም ነገር መስማት የለባቸውም። ከፈሩ ቃላቸው ይጠፋቸዋል። እኔ አሁን እየሳቅሁ እገባለሁ፤ «ሁሉም ዝግጁ ነው» እላቸዋለሁ። እርስዎም ከኋላዬ እየሳቁ ይግቡ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ቅደሚ።

ረድኤት፦ እየገባሁ ነው።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ እያየሁሽ ነው።

ረድኤት፦ ቆይ፣ ጫማዬ ተፈቷል።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ረድኤት።

ረድኤት፦ አሁን አስሬ እገባለሁ አልኩ እኮ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ እሱን አይደለም። በጓሮ በኩል እዪ። ያ ንጉሡ አይደለም?

ረድኤት፦ የቱ? ... ናኦል! ከነካባው ዝናብ ውስጥ ምን ያደርጋል? ወርቅ ቀለሙ ይለቃል! ናኦል! ለምን ወጣህ?

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ምን አለ?

ረድኤት፦ «ሞቀኝ» አለ።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ በሐምሌ?

ረድኤት፦ ንግሥቲቱም ወጣች። አንቺስ? ... እሷም ሞቋት ነው። ከበሮ መቺውም። ከበሮውን በነጠላ ሸፍኖ ታቅፎታል።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ መብራት የሚሠራው ልጅም ወጥቷል። ወታደሮቹም ጦራቸውን ይዘው። ስንት ናችሁ ውስጥ የነበራችሁት?

ረድኤት፦ አሥራ አራት።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ አሥራ አራት ቆጠርኩ። አንድም አልቀረም። ግድግዳውን ብቻ ነው የሚያዩት።

ረድኤት፦ ከመቼ ጀምሮ ነው የሞቃችሁ? ... ጋሼ፣ ናኦል ምን እንዳለኝ ሰሙ? «ካለፈው ሳምንት ጀምሮ፤ አንቺ እንዳትፈሪብን ብለን ነው» አለኝ። ጥርሱ እየተንገጫገጨ ነው።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ፀጉሩ ላይ ያለው ምንድን ነው? ነጭ ነገር።

ረድኤት፦ ዱቄት ነው። የሽማግሌ ፀጉር ለማስመሰል።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ንግሥቲቱም አለባት። ከበሮ መቺውም አለበት። ልጄ፣ እሱ ዱቄት አይደለም፤ የእኔ ጀሶ ነው።

ረድኤት፦ ናኦል! ሁላችሁም ከግድግዳው ራቁ!

ጋሽ ወንድይፍራው፦ ሰው ከአሁኑ መምጣት ጀምሯል። ከላይብረሪው በኩል ጃንጥላ ይታየኛል። ምን ልበላቸው?

ረድኤት፦ እርስዎ ምንም አይበሉ። እኔ መንገዱ ላይ ቆሜ አንድ በአንድ እመልሳቸዋለሁ። አዘጋጆቹንም ጭምር።

ጋሽ ወንድይፍራው፦ እንግዲያው እኔ ወደ መምህሩ ቢሮ ልሂድ። መስታወቱን ማን እንደቀየረው ከእኔ ይስሙት። ብቻ መጀመሪያ ይኼን ትልቁን በር ልቆልፈው። ከፍተነው መሄድ አይገባም። ዳር ቁሚ፤ ይኼ በር በትከሻ ካልገፉት አይገጥምም።

ረድኤት፦ አይግፉት! ክፍቱን ይተዉት፣ ጋሼ። እጅዎን ከበሩ ላይ ያንሱ... ቀስ ብለው ወደ እኔ ይምጡ።