ላቮን ያዋሰችኝ ሽጉጥ

ጥብሱ ሳይቀዘቅዝብን ልጀምር። ላቮን፣ አንቺ እዚያው ተቀመጪ፤ ዛሬ የጡረታሽ ግብዣ ነው፣ የሚጠራሽ ደንበኛ የለም።

ይህቺ ሴት ወደ ሽጉጥ መሸጫ ሱቃችን የገባች ቀን ባንኮኒው ጋ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ቦርሳዋን አንጠልጥላ የውድድር ሽጉጦቹን በመስታወቱ ስታይ፣ እንደ ጨዋ ሰው፣ «ለባለቤትዎ ስጦታ ፈልገው ነው?» አልኳት።

«ባለቤቴ ተኩስ ሲሰማ ከድመታችን ጋር አልጋ ስር ነው የሚገባው» አለችኝ። «እኔ ሥራ ፈልጌ ነው። ደግሞ ያኛው ምላጩ ለጣት ይከብዳል፤ ተወዳድሬበታለሁ። ምን ብላችሁ ነው ከፊት የደረደራችሁት?»

አለቃችን ሮይስ ከጓዳ ሆኖ ሰማትና ያኔውኑ ቀጠራት። እኔን ለመቅጠር ስንት ወር አመላልሶኛል። ቅናቴ የጀመረው ያን ዕለት ነው።

ከዚያማ ደንበኛው ሁሉ እኔን እያለፈ ወደ እሷ ሆነ። እዚህ ሜሳ ከተማ ውስጥ እየሮጡ ኢላማ በሚመቱበት ውድድር መግባት ያማረው ሰው ሁሉ፣ ሁለት ሽጉጥ ይዞ «የቱ ይሻለኛል?» የሚለው እሷን ነው። እኔ ስለ ክብደቱ፣ ስለ አፈሙዙ ርዝመት፣ ካርታው ስንት ጥይት እንደሚጎርስ ምላሴ እስኪደርቅ አስረዳለሁ። እሷ ባዶውን ሽጉጥ ትሰጠውና፣ «ዓይንህን ጨፍን። ወደ ኢላማው አንሳው። አሁን ግለጥ፤ የት ነው ያነጣጠርከው?» ትለዋለች።

«ጣሪያው ላይ» ይላል ሰውዬው እያፈረ።

«እንግዲያው ይሄ እጀታ የሌላ ሰው ነው። ያንን ሞክር።»

አለቀ። ሬጂና፣ አትሳቂ፤ አንቺም ከእሷ ሽጉጥሽን የገዛሽው እንደዚሁ ነው።

ምሳዋንስ ማን ይረሳዋል? የለውዝ ቅቤ በዳቦ፣ በኮምጣጤ ከተዘፈዘፈ ኪያር ጋር፣ ያውም እጇ የሽጉጥ ዘይት እየሸተተ። አዲስ ሽጉጥ ሳይወለወል ተደጋግሞ ካልተተኮሰበት ደግሞ አታምነውም። «ንጹሕ ሆኖማ ሁሉም ጨዋ ነው» ትላለች።

በግዛታችን በአሪዞና ውድድር ላይ የሆነውን ግን አንዳንዶቻችሁ አታውቁትም። ከምድባችን ወደ አገር አቀፉ የሚያልፈው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እኔ አዲስ ሽጉጥ ገዝቻለሁ፤ ድፍን ብረት፣ ሲተኮስ ንቅንቅ የማይል፣ ምላጩ ጣት ገና ሲያርፍበት የሚታዘዝ። እሷ ያንኑ የፕላስቲክ እጀታ ያለውን አሮጌዋን ይዛ መጣች።

«ይሄን ከአካፋና ከዶማሽ ጋር ነው የምታስቀምጪው?» አልኳት።

«ያንተ ያምራል፣ ዱዌን» አለች። «አቧራ ግን ቆንጆ አይቶ አያልፍም።»

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አቧራውን ይዞ ተነሣ። ቆንጆዋ ሽጉጤ የተተኮሰውን ቀለህ መትፋት አቃታት። አጸዳኋት፤ እንደገና ተሰነቀረባት። ዳኛው፣ «ከዚያው ምድብ መቀየሪያ ካለህ ቀይር፤ ከሌለህ በቃህ» አለኝ። አልነበረኝም። አንድ ዓመት ሙሉ የለፋሁበት ነገር እዚያ አቧራ ላይ ሊቀር ነው።

ላቮን ተጠባባቂ ሽጉጧን ከነማህደሩ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ላቮን፣ ነጥባችን እኮ እኩል ለእኩል ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ። እኔ አንተን እንጂ ሽጉጥህን ማሸነፍ አልፈልግም። ሂድ፣ ተኩስ።»

ተኮስኩ። እንደዚያ ቀን ተኩሼ አላውቅም። በጥቂት ነጥብ በለጥኳት፤ ዋንጫውንም ወደ አገር አቀፉ የሚያሳልፈውንም ቦታ እኔ ወሰድኩ። እሷ ለማንም አልተናገረችም፤ ዳኛው ግን አወራ። ሰዉ እኔን አልፎ የእሷን እጅ ሊጨብጥ ተሰለፈ። እኔ ዋንጫ ታቅፌ እንደ ዕቃ ጠባቂ ቆምኩ። ተሸንፎ መቅናት ያለ ነው፤ አሸንፌ የቀናሁት ግን በአንቺ ብቻ ነው።

ላቮን፣ በቀናሁብሽ ቁጥር ማልጄ ተነሥቼ ተለማምጃለሁ። ደንበኛ ስትሰሚ እያየሁ ነው መስማት የተማርኩት። በዚህ ሙያ ጥሩ ነገር ካለኝ፣ አንቺን ልብለጥ ስል ያገኘሁት ነው። አመሰግንሻለሁ።

ከሰኞ ጀምሮ እኔ ባንኮኒ ስጠብቅ አንቺ ተኩስ ሜዳ ላይ ነሽ። ይሄንንም በደስታ የነገርኳችሁ እንዳይመስላችሁ።

በሉ ብርጭቆ አንሡ። እጅሽ አይንቀጥቀጥ፣ ዓይንሽ አይፍዘዝ፣ ጉልበትሽ አይክዳሽ። ጡረታሽ ረጅም ይሁን፤ ለእኔም እስከ መጨረሻው የምቀናበት ዕድሜ ይስጠኝ። ለላቮን።