ጋሽ ቋጠሮና በሲባጎ የታሰሩት አዳፕተሮች

ለሽኝት የተሰበሰባችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፤ የወንድም ጋሼን ዜና ሕይወት እንዳነብ የታዘዝሁት ታናሽ ወንድማቸው ነኝ። መሥሪያ ቤታቸው «ጋሽ ቋጠሮ» ይላቸው ነበርና፣ እሳቸውም ስለወደዱት፣ እኔም በዚሁ እጠራቸዋለሁ።

ጋሽ ቋጠሮ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በበኩርነት ተወለዱ። ትምህርት ቤት በገቡ ጊዜ ማታ የተገዛላቸውን እርሳስ ጠዋት እየጣሉ ስላስቸገሩ፣ እናታችን ተማርረው እርሳሱን ከሸሚዛቸው ቁልፍ ጋር በክር አሰሩላቸው፤ ከዚያ ወዲያ የታሰረ ነገር አይጠፋም የሚለው እምነት ከልባቸው አልወጣም።

ትምህርታቸውን አጠናቀው የመኪና መለዋወጫ በሚያስመጣ ድርጅት ተቀጥረው የንብረት ክፍል ኃላፊ እስከመሆን ደረሱ። ገንዘብ ያዧ የደንበኞች እስክሪብቶ እየተወሰደ ቢያስቸግራቸው፣ ጋሽ ቋጠሮ ከመስኮቱ ጋር ሊያስሩላቸው ሄደው፣ ቋጠሮው ላልቶ እንደሆነ ልይ እያሉ ሲመላለሱ ከርመው ከገንዘብ ያዧ ጋር በጋብቻ ተጣመሩ፤ አንዲት ሴት ልጅም አፈሩ።

ድርጅቱ ወደ ኪራይ ሕንፃ ሲዛወር አከራዩ ግድግዳዬ አይበሳም ብለው ድርቅ ስላሉ፣ የኔትወርክ ገመድ መዘርጋቱ ቀርቶ ለየኮምፒውተሩ አውራ ጣት የምታክል፣ ያለ ገመድ ኢንተርኔት የምታቀብል የዋይፋይ አዳፕተር ተገዛ። የታሰበው ሽያጭ ክፍል ቢሮ የመጣው ደንበኛ ዘንድ፣ ቆጠራ ክፍልም መጋዘን ድረስ ላፕቶፕ ይዞ እንዲሠራ ነበር። ጋሽ ቋጠሮ ግን ይህችን የምታህል ንብረት ስትጠፋ ገና ከወዲሁ ታየቻቸውና፣ እያንዳንዷን ከጠረጴዛ እግር ጋር በሲባጎ ጠፍረው አሰሯት። ሥራ አስኪያጁ ይህ ምን የሚሉት ሥራ ነው ብለው ቢቆጡ፣ ጋሽ ቋጠሮ ነገሩን አጢነው ሲባጎውን አስረዘሙት። መጋዘን እስኪደርስ አስረዘሙት። እነሆ ከፊቴ አንገታቸውን የደፉት የሽያጭ ኃላፊ፣ ላፕቶፕ ታቅፈው ሲጣደፉ በሲባጎው የደንበኛ እግር ጠልፈው መጣላቸውን አይክዱም። ደንበኛው ወለሉ ላይ እንደተቀመጡ ቅናሽ ጠይቀው አግኝተዋል።

ልጃቸው ለሥራ ወደ ሩቅ አገር ስትሄድ ግን ጋሽ ቋጠሮ የሚያደርጉት ጠፋቸው። በልብ ሕመም አልጋ ከያዙም በኋላ ምኞታቸው እሷን ማየት ብቻ ነበር። እሷ ከሥራዋ ፈቃድ አላገኘችም፤ በስልኩ ትንሽ መስኮት ዓይናቸው አይለያትም፤ የቤቱ አሮጌ ላፕቶፕም ዋይፋይ መቀበል አቁሟል። ሥራ አስኪያጁ ከቢሮ አንድ አዳፕተር ይውሰዱ ቢሏቸው፣ የመሥሪያ ቤት ንብረት ከበር አይወጣም አሉ። ባለቤታቸው ቢለምኑ፣ እኔ ብቆጣ፣ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ባልደረቦቻቸው አዋጥተው አዲስ ገዙላቸው። ጋሽ ቋጠሮ መጀመሪያ ከአልጋው ራስጌ ጋር አሰሯት፣ ከዚያ በኋላ ነው ላፕቶፑ ላይ የሰኳት። የልጃቸው ፊት ብቅ ሲል እሳቸው አለቀሱ፤ እሷ ግን ሲባጎውን አይታ ሳቀች፣ እሳቸውም እንባቸውን ሳይጠርጉ ሳቁ። እስከ ዕረፍታቸው ድረስም በየምሽቱ ሲተያዩ ሰነበቱ።

ጋሽ ቋጠሮ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና እኔን ትተው አልፈዋል። ልጃቸው ትናንት ደርሳ የራስጌውን ቋጠሮ ልትፈታ ብትታገል አልፈታ ስላላት፣ ሲባጎውን ቆርጣ፣ አዳፕተሯን በእጇ አንጓ ላይ አስራ ይኸው ከፊታችን ቆማለች። አምላክ የወንድም ጋሼን ነፍስ ምንም ነገር በማይጠፋበት ስፍራ ያኑርልን።