የቀኙ በሬና የግራው በሬ

«ትንሽ ጠጋ በዪልኝ እስቲ፣ ኢፍቱዬ... ፀሐይዋ ጉልበቴ ላይ ወጥታ ተቀምጣለች። የናዝሬት ጥር ድሮም እንዲህ ነበር፤ ጠዋት ጋቢ፣ ቀትር ላይ ጃንጥላ። ላምሽ ውሃ ጠጣች? ደግ። በላሞች ውድድር ሁለተኛ መውጣትስ ቢሆን ምን አነሰው? ወተቱን ሲለኩ ቆሜ አይቻለሁ፤ ያችኛዋ የቀደመቻት በአንድ ስኒ ነው...»

ገብረወልድ ከኋላው የመጣውን የእትዬ አበዛሽን ድምፅ ያወቀው ገና «ጠጋ በዪልኝ» ሲባል ነበር። ዞር አላለም። ከአውራጃው ደራስያን ጋር በፊተኛው አግዳሚ ላይ ተደርድሮ፣ መጽሐፉን ጭኑ ላይ አድርጎ እንደተቀመጠ ጀርባው ብቻ ቀጥ አለ።

ሃያ ዓመት። እትዬ አበዛሽ ወደ አቦምሳ ተዛውረው ሲሄዱ እሱ እዚህ ናዝሬት አብሯቸው የሚሠራ ጀማሪ አስተማሪ ነበር። ልብ ወለድ የጻፉበትን ጥቁር ልባስ ያለው ወፍራም ደብተር ሰጥተውት፣ «እስክመለስ አደራ» ብለውታል። ከአቦምሳም ወደ ባሌ አለፉ፤ ኋላ ሞተዋል ተባለ። ማን እንዳለ ገብረወልድ ዛሬ አያስታውስም። ማመኑን ግን ያስታውሳል። ካቻምና ደብተሩ በእሱ ስም መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ዛሬ ደግሞ ገበሬ ማኅበሩ በሞጆ መንገድ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ባዘጋጀው የመኸር በዓል፣ ከበሬዎቹ፣ ከላሞቹና ከበጎቹ ቀጥሎ ደራስያን የሚሸለሙበት ሰዓት እየቀረበ ነበር።

«የበሬዎቹን ውድድር አላየሽም፣ አይደል? አይ ያመለጠሽ! ያ ጆቴ የሚሉት ሰውዬ የአማቹን በሬ ይዞ መጥቶ አይሰለፍ መሰለሽ! ቀንዱን ቅቤ ቀብቶ፣ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሮ... ዳኞቹ ጥርሱን አዩ፣ ሻኛውን ዳሰሱ፣ 'አንደኛ' ሊሉት ትንሽ ሲቀራቸው አማቹ ከሕዝቡ መሐል 'ና ቡሬ!' ብሎ ተጣራ። በሬው ገመዱን በጥሶ ሄዶ የጌታውን እጅ ላሰ። ሰው በሳቅ ወደቀ። ጆቴ የተበጠሰች ገመዱን ይዞ ቀረ። እኔ ግን አዘንኩለት። ምን በሬ አስመረጠው? ወረቀት ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ሽልማቱን ይዞ ቤቱ ገብቷል። ወረቀት ምን ይሰማል? ባለቤቱ ቢጠራው አይመጣ... እጅ አይልስ... እንዲያው ነው የምልሽ።»

ገብረወልድ መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። ከጎኑ የተቀመጠው ገጣሚ «ሞቀህ እንዴ፣ ጓድ?» አለው። ራሱን ነቅንቆ መለሰለት።

«ደራስያኑ ሲያነቡ ግን ነበርሽ። አንደኛው እንዴት አምሮበታል፣ በሞቴ! ሱፉስ፣ ጫማውስ! እኔ ሰው ሲያምርበት ደስ ይለኛል። አጻጻፉ ደግሞ... አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጀምር እኔ በልቤ ቀድሜው እጨርሳለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳሳትኩም። በዚህ ዕድሜዬ ስንት መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ አንባቢውን እንዲህ እንግዳ የማያደርግ ደራሲ ግን አላጋጠመኝም። እንደ ገዛ ቤቴ ነው የገባሁበት።

«ከዚያ ያቺ ቦታ ላይ ደረሰ። 'አባቴ ርኅሩኅ ስለነበር፣ በሬዎቹ እንዳይሰለቹ ዛሬ በቀኝ የጠመደውን ነገ በግራ ይጠምደው ነበር።' የገበሬውን ሳቅ ሰማሽው? ኦቦ ነጋሳማ ተነሥተው፣ 'ጓድ ደራሲ፣ ያ መሬት የት ነው? ሄደን ጠማማውን ትልም እንየው!' አሉት እኮ። መቼም ለአንቺ አልነግርሽም፤ በቀኝ የለመደ በሬ እስኪያረጅ የቀኝ ነው፣ የግራውም የግራ። አቀያይረህ ጥመድ ቢሉት እርፉን ጥሎ የማይሄድ ገበሬ የለም። ይህንን የማያውቅ ማነው? በሬን በመስኮት የሚያውቅ የከተማ ሰው ነው። እሱ ግን የገበሬ ልጅ ነው አሉ፤ እዚሁ ሞጆ አካባቢ ሲያርስ ያደገ። ታዲያ እንዴት ሳተው ትያለሽ?»

አልሳተውም ነበር። ገብረወልድ ደብተሩን ሲገለብጥ እዚያች መስመር ላይ እጁ ቆሞ ነበር። አባቱ ከሁለቱ በሬዎች የቀኙ ሲሞትባቸው፣ ሌላ የቀኝ በሬ እስኪያገኙ ሁለት ሳምንት ሳያርሱ መቀመጣቸውን ያውቃል። ሊያርመው ብዕሩን አንሥቶ ነበር። ነገር ግን ዓረፍተ ነገሩ ከላይ ካለውም ከታች ካለውም ጋር ተያይዞ የቆመ መሰለው፤ አንዷን ድንጋይ ቢነካ ካቡ በሙሉ የሚናድበት፣ እሱም መልሶ ሊክበው የማይችል መሰለው። ስለዚህ እንዳለ ጻፈው።

«እኔ ግን ያቺን ስህተት ወደድኳት። ለምን ብትዪኝ... እኔም አንድ ጊዜ ልክ እንደዚያ አስብ ነበር። አቦምሳ የሄድኩ ክረምት ለአከራዬ፣ ለአንድ ገበሬ፣ ሳወራለት ከመሳቁ ብዛት እንባው ፈሰሰ። 'ናዝሬት ስመለስ መጀመሪያ የማርመው እሷን ነው' ብዬ ነበር። ምኗን ትያለሽ? ተዪው ባክሽ፣ የአሮጊት ወሬ ነው። ስመለስ ታትማ ጠበቀችኝ። አየሽ ታማኝነት? ሰው አደራውን እንዲህ ከነአቧራው፣ ከነስህተቱ ሲጠብቅ አይተሽ ታውቂያለሽ? አንዲት ቃል አላጎደለ፣ አንዲት ቃል አልጨመረ። የለወጠው ልባሱን ብቻ ነው... እሱም ያረጀ ነበር።»

ኢፍቱ ምን እንደገባት ለማወቅ ገብረወልድ ጆሮውን ቀሰረ። የምትስቅ መሰለው።

«እኔ እንኳ ሰው አላስቸግርም። ጊዜው የእነሱ ነው፤ እኔ ጡረታዬን ይዤ ጥላ ፈልጌ የምቀመጥ ሰው ነኝ። ብቻ መጽሐፉን ስገልጥ መጀመሪያው ላይ አንድ ገጽ አየሁ፤ 'መታሰቢያነቱ ለእገሌ' የሚባልበት። ባዶውን ነው የተወው። ትሑት ነው... ወይ ደግሞ ለማን እንደሚሰጠው እስካሁን እያሰበበት ይሆናል። ዛሬ ይነግረን ይሆናላ! ማይክሮፎን አለ፣ ሰው አለ። ስም እንኳ ባይጠራ ምን አለበት? 'አንዲት ሴት' ቢል የምትጠግብ ሰው አውቃለሁ።»

የድምፅ ማጉያው ጮኸ። የበዓሉ አስተናባሪ ጓድ ሰንበታ፣ አንደኛ የወጣው ደራሲ ጓድ ገብረወልድ መሆናቸውን፣ ሽልማታቸውም ሙክት በግ መሆኑን አበሠረ። ገብረወልድ ተነሣ። ወደ መድረኩ የሚወስደው መንገድ ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ እሱ ግን በየእርምጃው «አንዲት ሴት» የሚሉትን ሁለት ቃላት አፉ ውስጥ እያገላበጠ ሄደ። አይከብዱም። ማንም ምን ማለት እንደሆኑ አይጠይቅም። ማታ ቤቱ ገብቶ በሰላም ይተኛል።

«ጓድ ደራሲ፣ ማንን ያመሰግናሉ?» አለ ሰንበታ።

ገብረወልድ ገበሬ ማኅበሩን አመሰገነ። አውራጃውን አመሰገነ። የጽሕፈት መኪና የመታችለትን ልጅ ሳይቀር አመሰገነ። ከዚያ ቀና ሲል እትዬ አበዛሽን ለመጀመሪያ ጊዜ አያቸው። ከስተዋል፣ ፀጉራቸው በሙሉ ነጥቷል፤ ግን አልተቆጡም። ፈገግ ብለው፣ ተማሪ ቁርጥ ያለ መልስ እንዲሰጠው እንደሚጠብቅ አስተማሪ፣ አገጫቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው ያዩታል።

«በመጨረሻም...» አለ ገብረወልድ፣ «አንዲት...»

ከፊት የተቀመጡት ባለሥልጣን ቀና ብለው አዩት።

«አንዲት... አንዲት እናት አገራችን ለዘለዓለም ትኑር!»

ጭብጨባው እስከ ሞጆ መንገድ ተሰማ። በጉን ገመድ አስጨብጠውት ወረደ። በጉ አልሄድም እያለ ወደ ኋላ ሲጎትተው፣ እሱ ወደ ፊት ሲጎትት፣ ሁለቱም በእትዬ አበዛሽ አግዳሚ አጠገብ ደረሱ። እሳቸው አሁንም ያወሩ የነበረው ለኢፍቱ ነው።

«ሰማሽው? አገርን የሚያህል ነገር ጠራ እኮ! ከዚያ ወዲያ አንድ ሰው ምን ይጨመርለታል? እንዲህ ያለውን ሰው ሳይመርቁ ማሳለፍ ነውር ነው። እጅሽን ዘርጊ፣ ኢፍቱዬ።»

ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ትልቅ ሰው ሲመርቅ ቆሞ አሜን ማለት ነውና ገብረወልድ ቆመ፤ ሳያስበው አንገቱንም ደፋ። በዙሪያው የነበሩት ገበሬዎችም ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ዕድሜና ጤና ይስጠው።»

«አሜን» አለ ሰዉ። ገብረወልድም አለ።

«እጁ አይዛል፣ ብዕሩ አይንጠፍ።»

«አሜን።»

«ከእንግዲህ የሚወልደው ሁሉ፣ ልጅም ይሁን መጽሐፍ... እሱን ይምሰል።»