የዘይነባ ግራ ጆሮ

ዓረብ አገር፣ ናባዓ የሚባል ሰፈር ውስጥ አራት ሴቶች በአንድ ክፍል ነው የምንኖረው። የጦርነቱ ወሬ ሲብስ ትልቃችን ከድጃ ሰበሰበችንና፣ «ውሃና ሻማ ከመግዛታችን በፊት፣ መሮጥ ቢመጣ የሚያግዳችሁን ንገሩኝ። ያላ፣ ማፈር የለም!» አለች። አንዷ ጉልበቴ ደረጃ አይችልም አለች። እኔ አስሜን ተናገርኩ። ዘይነባ ግን አቀረቀረች። ከእሷ ጋር ከተኳረፍን ሦስት ወር ሆኖን ነበር፤ አንድ ቀን ሰላም ስላት ዝም ብላኝ አለፈች፣ ኩራተኛ!

«የድሮ ማዳሜ በጥፊ ካጮለችኝ ወዲህ ግራ ጆሮዬ አይሰማም» አለች ቀስ ብላ።

ያኒ፣ ለካ ሦስት ወር ሙሉ የተኳረፍኩት ከጆሮዋ ጋር ኖሯል! ፍራሼን ጎትቼ ከጎኗ አነጠፍኩና፣ «የመጣ ቢመጣ እጅሽን ይዤ ነው የምወጣው» አልኳት።

ዝም አለችኝ። በግራዋ በኩል ነበርኩ። ዞሬ በቀኟ ደገምኩላት።