ሄልሜቱ ውስጥ የተጻፈው ቁጥር

ከዓለም ገና ወደ ሰበታ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠው ወጣት አዲስ የሞተር ሄልሜት አቅፏል። አጠገቡ ያሉት ሽማግሌ ዝም ብለው መቀመጥ አልሆነላቸውም።

«ልጄ፣ ሞተሩ የት ሄዶ ነው ባርኔጣውን ብቻ ያቀፍከው?»

«ገና እየተማርኩ ነው ኦቦ። የዛሬው ትምህርት ኩርባ ላይ ፍሬን አያያዝ ነበር።»

«አልወደቅክም?»

«አንዴ ወደቅኩ። ጓንት ስላደረግኩ እጄ ተርፏል።»

«ባርኔጣው ውስጥ ደግሞ ምን ጽፈህበታል?»

«አሰልጣኙ ነው ያዘዘን። አደጋ ቢደርስ የሚደወልለትን ሰው ቁጥር ጻፉ አለ።»

«የእናትህ ነው?»

«እናቴ አርፋለች። የራሴ ቁጥር ነው።»

«የራስህ? መንገድ ላይ ተዘርረህ አንተው ሃሎ ልትል ነው?»

ወጣቱ ሳቀ። «እዚህ አካባቢ ሰው የለኝም ኦቦ። ባዶ ከሚሆን ብዬ ነው።»

«በል አጥፋውና የኔን ጻፍ።»

«እንዳልረብሽዎት።»

«ኧረ ረብሸኝ! እኔስ ማን ይደውልልኛል?»

ወጣቱ እስክሪብቶ ፈልጎ አወጣ። ሽማግሌው ቁጥራቸውን ቀስ ብለው ነገሩት።

«ደግሞ ስትወድቅ ብቻ አይደለም፤ ሳትወድቅም ደውል።»

እኔ ብሆን የማንን እጽፍ ነበር እያልኩ ሳስብ ሰበታ ደረስን።