ዘወር ሲሉለት የሚሠራው ማሽን፦ የጋሽ መዳፍ ዜና ሕይወት

በዚህ ፀሐይ ቆማችሁ የምትሰሙኝ ቤተሰቦች፣ ጎረቤቶችና የፓምፕ ጣቢያው ባልደረቦች ሆይ፦ ይህን ጽሑፍ እንዳነብ የተመረጥሁት የሟች የእህታቸው ልጅ ስለሆንሁ ብቻ ሳይሆን፣ ባለቤታቸው እትዬ «አንተ ማስረዳት ትወዳለህ፤ ዛሬ ደግሞ የሚሰማህ ሰው ሞልቷል» ስላሉኝ ነው። ስለ ሞተርና ስለ ኮምፒውተር የማወራበት ቦታ ይኖራልና ታገሡኝ፤ ያለ እሱ የእሳቸውን ሕይወት መንገር አልቻልሁም።

ጋሽ መዳፍ ከብስክሌት ጠጋኙ አባታቸውና የሰው ልብስ እያጠቡ ቤት ከሚደጉሙት እናታቸው፣ ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። መዳፍ እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም እንዳልሆነ ታውቃላችሁ፤ ነገር ግን የጣቢያው ኃላፊ ሳይቀር በዚሁ ይጠራቸው ስለ ነበር፣ ዛሬ በሌላ ስም ባነሣቸው ከመካከላችሁ «የማን ቀብር ላይ ነው የቆምሁት?» የሚል አይጠፋም።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ሠፈራቸው ውስጥ ካለው ትምህርት ቤት ገብተው፣ በሒሳብ ብርቱ በንባብ ግን ዘገምተኛ ተማሪ ሆነው እስከ ስምንተኛ ክፍል ከዘለቁ በኋላ፣ የአባታቸው ዐይን በመድከሙ ደብተሩን ትተው ጎማ መለጠፍ ጀመሩ። ሌላው ሰው የተነፈሰ ጎማ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ ሲጠብቅ፣ እሳቸው ጎማውን በመዳፋቸው ቀስ እያሉ ዳስሰው ቀዳዳውን ያገኙት እንደ ነበር በሕይወት ያሉት ታላቅ እህታቸው፣ ማለትም እናቴ፣ ይመሰክራሉ።

ከዚያም በሃያዎቹ ዕድሜያቸው መጀመሪያ ላይ በከተማው የውሃ ፓምፕ ጣቢያ በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥረው፣ ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ በሆነው፣ ግራሶ በሚሸተው፣ መደገፊያው የተሰበረ አንድ ወንበር ብቻ ባለበት የሞተር ክፍል ውስጥ መጥረጊያቸውን ይዘው ሲዘዋወሩ፣ አንጋፋው ኦፕሬተር «ና እስቲ፣ እጅህን እዚህ አሳርፍ፤ ሞተር አፍ የለውም፣ የሚያናግረው መዳፍህን ነው» እያሉ ሙያውን አስተማሯቸው። በኦፕሬተርነት ባደጉበት ዓመት ተረኛ ባልደረባቸው ለጥቂት ዘወር ባለበት የአንዱ ፓምፕ ዘንግ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ግሎ፣ ሞተሩ ተቃጥሎ፣ ሠፈሩ ሁሉ ባልዲ ይዞ ሲንከራተት ሰነበተ፤ ሰውየውም ከሥራ ተባረረ። ጋሽ መዳፍ ከዚያች ቀን ጀምሮ ጡረታ እስከ ወጡ ድረስ «ሞተርና ሕፃን ብቻውን አይተውም» የሚል ሕግ ለራሳቸው ደንግገው፣ ከፓምፕ ወደ ፓምፕ እየዞሩ መዳፋቸውን ሲያሳርፉ፣ ተለዋጭ ተረኛ ቢያረፍድም ሳይተኩ የማይሄዱ ሆነው ኖሩ። በእሳቸው ተረኝነት አንድም ሞተር አልተቃጠለም።

የጣቢያውን የሥራ ልብስ ይሰፉ ከነበሩት እትዬ ጋር ትዳር የመሠረቱትም በዚያው ሥራ ላይ እያሉ ነው። እትዬ ስለዚህ ነገር ሲጠየቁ «ገና ስንተዋወቅ ግንባሬን ነው የዳሰሰኝ፤ ፍቅር መስሎኝ ደነገጥሁ፤ ለካስ እንደ ሞተሩ ግዬ እንደሆነ እያየኝ ነው» ይሉ ነበር። አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ፤ እሱም ዛሬ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከብዙ ዓመት በኋላም፣ ሁለቱም ተስፋ ቆርጠው ሳሉ፣ ሁላችን ትንሿ የምንላትን ሴት ልጅ አገኙ።

ትንሿ ለኮምፒውተር የተፈጠረች ነበረች። አባቷ ከሰው እጅ የገዙላት አሮጌ ማሽን አዲሱን ሶፍትዌር መሸከም ቢያቅተው፣ ሊኑክስ የተባለውን ነፃና ቀለል ያለ ሥርዓት ጭናበት፣ የአልጋዋ እግር ሥር ባለችው ጠባብ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ትማርበት ጀመር። የደም ካንሰር እንዳለባት የተነገራት በዚያው ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ላስረዳ። ተመራማሪዎች የአንድን በሽታ ጠባይ ለማወቅ የሚያስፈልጋቸው ስሌት አንዳንዴ አንድ ማሽን በሰው ዕድሜ የማይጨርሰው ነው፤ ስለዚህ እንደ ዳቦ ቆራርሰው በየአገሩ ላለ ፈቃደኛ ይበትኑታል፤ ፈቃደኛው ከቤቱ ኮምፒውተር ትርፍ ጉልበት ያዋጣል፤ ማሽኑ ቁራሹን አስልቶ ሲጨርስ ውጤቱን መልሶ ልኮ ሌላ ይቀበላል። ትንሿ የእሷን በሽታ ከሚያጠኑት ጋር «የፓምፕ ልጅ» በሚል ስም ተመዘገበች። አባቷ ይህ ሁሉ ምን እንደሚጠቅማት ሲጠይቋት «እኔን አይደለም አባዬ፤ ቀጥላ የምትመጣዋን ነው» አለቻቸው።

ለእሷ ግን አልደረሰላትም። ጋሽ መዳፍ በሆስፒታሉ አልጋ አጠገብ እንደ ተረኛ ተቀምጠው፣ ግንባሯን እየዳሰሱ ሰንብተው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ነርሷ «አባባ፣ እንዲያው ፊትዎን እንኳ ታጥበው ይምጡ» ብላ ብትለምናቸው ወደ ኮሪደሩ ወጡ፤ ሲመለሱ ትንሿ አርፋለች። ያን ቀን ያልጮኹት ጋሽ መዳፍ፣ ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሁሉ፣ ምሳ ላይም ሆነ መንገድ ላይ፣ ድንገት ቆም ብለው «ዘወር ባልሁበት» ይሉ ነበር። የሚጨምሩት ቃል አልነበረም። ማንም ሊያጽናናቸው አልቻለም።

ከቀብሯ በኋላ የተዘጋውን ክፍል ከፍተው ኮምፒውተሩን ሲያበሩት፣ የስሌቱ ሶፍትዌር መስኮት ባዶ ሆኖ «ግንኙነት የለም» አላቸው። እኔን አስጠሩኝ፤ ይህን ነገር ከኢንተርኔት ለብቻዬ የተማርሁ ስለሆንሁ እየሮጥሁ መጣሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ስሌቱን የሚሠራው ሶፍትዌር ከጀርባ ለብቻው ይሮጣል፤ መስኮቱ ደግሞ እሱን የሚያሳይ ሌላ ነው። መስኮቱ ሠራተኛውን ሶፍትዌር ለማናገር አንዲት የይለፍ ቃል የያዘች ፋይል ማንበብ አለበት፤ የሊኑክሱ ማሻሻያ ግን የዚያችን ፋይል ፈቃድ ለውጦ ከልክሎታል። ይህን ሳስረዳቸው ወዲያው ገብቷቸው «ገባኝ። ፓምፑ ሌላ፣ ግፊቱን የሚያሳየው ጌጅ ሌላ። ጌጁ ዜሮ ስላለ ፓምፑ ሞቷል አይባልም» አሉ። ፈቃዱን አስተካክዬ ማሽኑን አጥፍቼ ሳበራው የእሷ ስም በመስኮቱ ላይ ወጣ፤ ጋሽ መዳፍም እጃቸውን አንሥተው ስክሪኑን ዳሰሱት።

ችግሩ ግን አላለቀም። ቁራሽ ሥራ ይወርዳል፤ ጋሽ መዳፍ መጥተው የኮምፒውተሩን አይጥ፣ ማውሱን፣ ነቅነቅ አድርገው ሲያዩ ግን ሁልጊዜ «ቆሟል» ይላል። ምክንያቱ በባዕድ ቋንቋ ተጽፎ በስክሪኑ ላይ ያለችው ጠባብ ሳጥን ስላልበቃችው ግማሹ ተቆርጧል። ቁራሾቹ አንድ በአንድ ቀነ ገደባቸው አለፈ። ሥራ ሳይልክ ብዙ የቆየ ስም ደግሞ ከሚሠሩት ተርታ ወጥቶ ከቦዘኑት ጋር ይቆጠራል፤ ይህን ሳልጠነቀቅ ነግሬአቸው ኖሮ፣ ጋሽ መዳፍ ፊታቸው ጠቁሮ «ሁለቴ አልቀብራትም» አሉኝ።

ከዚህ በኋላ ሁለታችንም ሥራችን ይህ ሆነ። ሙቀቱን አየን፤ ማራገቢያውን ከፍተን አቧራውን አራገፍን፤ ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ መረመርን፤ ሶፍትዌሩን ነቅዬ እንደ ገና ጫንሁት፤ እሷ በስሟ ያስቀመጠችው የአሠራር ምርጫ ግን፣ ያን ጊዜ ሳላስተውለው፣ ከተመራማሪዎቹ ዋና ኮምፒውተር ተመልሶ ይወርድ ነበር። እኔ እጄን አይጡ ላይ አድርጌ እፈልጋለሁ፤ እሳቸው ከኋላዬ ቆመው «ምን አለ? ተነሣ?» ይሉኛል። ብቻቸውን ሲሆኑም ልክ እንደ ጣቢያው እየተመላለሱ ይነኩታል፤ ሊተኙ ወይም ከቤት ሊወጡ ሲሉ ደግሞ፣ ብቻውን የሚተው ሞተር የለምና፣ አጥፍተውት ይሄዳሉ። እትዬ ከሳሎን ሆነው «ሰውዬ፣ ያ ዕቃ አስቀንቶኛል፤ ለኔ ግንባር እንኳ ጊዜ የለህም!» ሲሉ ይቀልዱ ነበር፤ ሲቀልዱ ግን ዐይናቸው ከእንባ አይደርቅም።

ጋሽ መዳፍ የልብ ድካም የጀመራቸው በዚህ መካከል ነው። መጀመሪያ ደረጃ መውጣት፣ ቀጥሎ ጋደም ብሎ መተንፈስ አቃታቸው፤ እግራቸው አበጠ፤ እሳቸው ግን ትራሳቸውን ወደ ትንሿ ክፍል አስወስደው ከማሽኑ አጠገብ ተቀምጠው ያነጉ ነበር። በመጨረሻም አንድ ጧት ትንፋሻቸው ስላጠረ ጎረቤት ተሸክሞ በጥድፊያ ወደ ሆስፒታል ሲወስዳቸው፣ ኮምፒውተሩ እንደ በራ ቀረ። እትዬም ከእሳቸው ጎን ስላልተለዩ ቤቱ ባዶ ሆኖ ሰነበተ።

ብርድ ልብስ እንዳመጣ ተልኬ ወደ ቤት ስገባ ገና ከበሩ ላይ ሆኜ የማራገቢያውን ድምፅ ሰማሁ፤ እንዲያ ባለ ኃይል ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም። ገብቼ አይጡን ነካሁት። መስኮቱ ላይ ያለቁ፣ የተላኩ፣ ተቀባይነት ያገኙ ሥራዎች ተደርድረዋል፤ የፓምፕ ልጅ ከሚሠሩት ተርታ ተመልሳለች። እያየሁትም የመጨረሻው መስመር ተለውጦ «ቆሟል» አለ። ያን ጊዜ ገባኝ። ትንሿ በደካማው ማሽን ስለምታጠና፣ ሰው ኮምፒውተሩን ሲነካ ስሌቱ እንዲቆም፣ ሰው ትቶት ዘወር ሲል ብቻ እንዲሠራ አዝዛው ነበር። ሠርቶ እንደሆነ ለማየት በነካነው ቁጥር የምናስቆመው እኛው ነበርን።

ብርድ ልብሱን ይዤ ተመልሼ፣ እንደ ልማዴ አንድም ሳላስቀር አስረዳኋቸው።

«እና እኔ ነኛ የማቆመው?» አሉኝ በቀጭን ድምፅ።

«የነካው ሁሉ ነው ጋሼ። እኔም ጭምር።»

«አሁን ጨርሷል?»

«ጨርሶ ልኳል። ተቀብለውታል።»

«እኔ ሳልኖር።»

«አዎ ጋሼ።»

መዳፋቸውን ገልብጠው ሲያዩት ቆዩ። ከዚያ ወደ በሩ፣ ከበሩ ማዶ ወዳለው ኮሪደር አዩ፤ «ዘወር ባልሁበት» ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ያን ቀን ግን አላሉም።

በማግሥቱ ልጃቸው ከመንገድ ደርሶ፣ እናቴም መጥተው፣ ሁላችንም አልጋውን ከበን ተቀምጠን ነበር፤ እትዬ የባላቸውን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ከሰዓት በኋላ ላይ ጋሽ መዳፍ ዐይናቸውን ገልጠው «እስቲ ሁላችሁም ወጣ በሉልኝ» አሉ። ልጃቸው «አባዬ፣ ምን ማለትህ ነው? ጥለንህ የት እንሄዳለን? አንወጣም!» ብሎ ሲቆጣ፣ «ኮሪደሩ ምን አለው?» አሉት፤ «እኔም ወጥቼበት አውቃለሁ። ሂዱ፣ ፊታችሁን ታጠቡ።» ቀድመው ብድግ ያሉት እትዬ ናቸው። እጃቸውን ከባላቸው እጅ ላይ ቀስ ብለው አነሡ፤ ብርድ ልብሱን አስተካከሉላቸው፤ ልጃቸውንም በክንዱ ይዘው አስወጡት። ተመልሰን ስንገባ ጋሽ መዳፍ ዐርፈዋል። ይህንን እንዴት ብዬ እንደማስረዳ አላውቅም፤ ያየሁትን ነገርኋችሁ።

ጋሽ መዳፍ ባለቤታቸውን፣ አንድ ወንድ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ እህታቸውንና እኔን ጨምሮ የእህታቸውን ልጆች፣ እንዲሁም ከእሳቸው ሙያ የተማሩ የጣቢያውን ኦፕሬተሮች ትተውልን ሄደዋል። ለማስተዛዘን ወደ ቤት ስትመጡ ከጓሮ በኩል ካለው ክፍል ድምፅ ትሰማላችሁ፤ የማራገቢያ ነው፤ በሩን ዘግተነዋል። ይሠራ እንደሆነ ለማየት እባካችሁ አትግቡ። እትዬም እኔም አንገባም።

በዚህ በከበደን ሰዓት ከጎናችን ለቆማችሁ ሁሉ እግዜር ይስጥልን። ሳያንቀላፋ የሚጠብቅ አንድ ፈጣሪ ነውና፣ ነፍሳቸውን ከትንሿ ነፍስ አጠገብ ያኑርልን፤ እሳቸውንም ከተረኝነታቸው ያሳርፍልን።